በፕሮሰሰርና በማቀዝቀዣው መካከል፦ የተርማል ፔስት ትውውቅ

ከሞያሌ ተነሥቶ ወደ ማርሳቢት በሚወርደው ጎዳና አጠገብ፣ ከኢትዮጵያ ወሰን ብዙም ሳትርቅ የምትገኘው ሶሎሎ፣ ቦረናዎች ከብትና ግመል የሚያረቡባት፣ በካቶሊክ ሚሲዮን ሆስፒታሏም ስሟ የታወቀ የሰሜን ኬንያ ከተማ ናት። ፀሐይዋ የበረታ፣ አቧራዋም ቀዳዳ አግኝቶ የማይመለስ ስለሆነ፣ በዚያ ኮምፒውተር የሚያሠራ ሰው፣ የትምህርት ቤት ጸሐፊ ይሁን የፎቶ ኮፒ ሱቅ ባለቤት፣ የደጋው ሰው ለዓመታት ሳያስበው ከሚኖር አንድ ጥቂት ነገር ጋራ ቶሎ መተዋወቁ አይቀርም፤ ይኸውም በፕሮሰሰሩና በማቀዝቀዣው ብረት መካከል የሚቀባው፣ ባለ ሙያዎች ተርማል ፔስት ወይም ባጭሩ ፔስት የሚሉት ግራጫ ቅባት ነው።

ወደ ፕሮሰሰር የሚገባው የኤሌክትሪክ ኃይል፣ ስሌቱን ሁሉ ካከናወነ በኋላ፣ ፍጻሜው ሙቀት መሆን ነው። በ1971 እ.ኤ.አ. ኢንቴል ያወጣው 4004 የተባለው፣ ለገበያ የቀረበ የመጀመሪያው ባለ አንድ ቺፕ ፕሮሰሰር ከ1 ዋት በታች ይበላ ስለ ነበር ማቀዝቀዣ የሚባል ነገር አላስፈለገውም፤ ከዘመናችን ብርቱዎች አንዱ ኮር አይ9 13900ኬ ግን ሥራ ሲበዛበት እስከ 253 ዋት ይስባል፤ ይህም ሁሉ እሳት የሚፈልቀው ከአውራ ጣት ጥፍር እምብዛም ከማይበልጥ ሲሊኮን ነው። ሙቀቱ ወደ 100 ዲግሪ ሲቀርብ ፕሮሰሰሩ ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል፤ ይህም ካልረዳው ይጠፋል። ባለቤቱ ግን ይህን ሳያውቅ «ኮምፒውተሬ አረጀ» ብሎ ሌላ ለመግዛት ገንዘብ ያጠራቅማል።

የሀገራችን ሊቃውንት ከአራቱ ባሕርያት አንዱ አድርገው የሚቆጥሩት ነፋስ፣ ሲንቀሳቀስ ሙቀትን ጠርጎ የሚወስድ ሲሆን፣ ተከልሎ ሲቀመጥ ግን ሙቀትን አላሳልፍ የሚል ነው። የፕሮሰሰሩ ክዳንና የማቀዝቀዣው መዳብ ለዓይን እንደ መስታወት የለሰለሱ ቢመስሉም፣ በረቂቅ መሣሪያ ሲታዩ ኮረብታና ሸለቆ የሞላባቸው ናቸውና፣ አንዱ በሌላው ላይ ቢጫን የሚነካኩት ከፍ ከፍ ባለው ብቻ ሆኖ በቀረው ሁሉ አየር ይታሰራል። መዳብ ሙቀትን የሚያሳልፍበት ኃይል፣ በዋት በሜትር በኬልቪን ሲለካ፣ 400 ገደማ ነው፤ የታሰረ አየር 0.026 ብቻ። 9 ካሬ ሴንቲ ሜትር በሆነ ገጽ ላይ 0.05 ሚሊ ሜትር የሚሆን የአየር ንጣፍ ብቻ ቢኖር፣ 100 ዋት በዚያ እንዲያልፍ ከ200 ዲግሪ በላይ የሙቀት ልዩነት ባስፈለገ ነበር።

እንግዲህ የፔስቱ ግብር ያን አየር አስወጥቶ በስፍራው መግባት ነው። በሲሊኮን ዘይትና በመሳሰለው ውስጥ የዚንክ ኦክሳይድ፣ የአልሙኒየም ወይም የካርቦን፣ አንዳንዴም የብር ረቂቅ ዱቄት ተቀላቅሎ ይሠራል። ብርቱው እንኳ ከመዳብ ጋራ ሲነጻጸር እጅግ ደካማ ስለሆነ፣ ሁለት ባላጋራዎችን ለማስታረቅ እንደ ገባ አማላጅ ነው፤ ያለ እርሱ አይቀራረቡም፣ እርሱ በመካከል ሲበዛ ግን መልሶ ያራርቃቸዋል።

ስለ ምርጫው ገበያው ብዙ ይናገራል። በቱቦዎች ላይ የሚጻፈው ሙቀትን የማሳለፍ ኃይል ቁጥር፣ ለምሳሌ የአርክቲክ ኤምኤክስ 4 ነው የሚባለው 8.5፣ የተርማል ግሪዝሊ ክራዮናት ነው የሚባለው 12.5፣ ገዢውን በቀላሉ ያማልላል። ነገር ግን በላይ በጠቀስነው ስፋትና ውፍረት ሒሳቡ ቢሠራ፣ 4 የሆነው ፔስት በ100 ዋት 1.4 ዲግሪ ሲያስከፍል፣ 8 የሆነው 0.7 ዲግሪ ያስከፍላል፤ ልዩነታቸው አንድ ዲግሪ አይሞላም። ስለዚህ ይህ ጸሐፊ የሚለው፣ በሶሎሎ ለሚቀመጥ ኮምፒውተር ከቁጥሩ ይልቅ ዕድሜው ሊመረመር ይገባል ነው። ማሽኑ በሞቀና በበረደ ቁጥር ብረቱ እየሰፋና እየጠበበ ፔስቱን ወደ ጠርዝ ይገፋዋል፤ ዘይቱም ከዱቄቱ ይለያል። አሮጌ ላፕቶፕ ተከፍቶ ማቀዝቀዣው ሲነሣ፣ በሲሊኮኑ መካከል መላጣ ሆኖ በዳርና ዳር እንደ ደረቀ ጭቃ የተሰነጣጠቀ ቅርፊት የሚታየው ከዚህ የተነሣ ነው።

በሶሎሎ ይህ ጉድለት ቶሎ የሚገለጠውም ያለ ምክንያት አይደለም። ማራገቢያና ብረት የፕሮሰሰሩን ሙቀት ከክፍሉ አየር በታች ሊያወርዱት ከቶ አይችሉም፤ ከዚያ በላይ ያለውን ትርፍ ብቻ ይቀንሳሉ። ክፍሉ 22 ዲግሪ ሳለ 72 ዲግሪ የሚደርስ ፕሮሰሰር፣ ሥራውና የማራገቢያው ፍጥነት ሳይለወጥ ክፍሉ 36 ቢሆን ወደ 86 ይወጣል። (የአዲስ አበባም ሰው በብርዱ አይመካ፤ ከ2,300 ሜትር በላይ ያለው አየር የሳሳ ስለሆነ፣ ማራገቢያው በባሕር ጠረፍ የሚሸከመውን ያህል ሙቀት በዚያ አይሸከምም።)

ለሙቅ ሀገር ላፕቶፕ እኔ የማስቀድመው፣ ሃኒዌል የሚሠራውን ፒቲኤም 7950 የተባለ ስስ ሉሕ ነው፤ እንደ ወረቀት ተቆርጦ ይለጠፋል፣ በ45 ዲግሪ ገደማ ለስልሶ ሸለቆውን ይሞላል፣ እንደ ፔስትም በቀላሉ ወደ ጠርዝ አይሸሽም። በቆላ ግን ከመሸፈኛው ላስቲክ አልላቀቅ ብሎ ያስቸግራልና ጥቂት ደቂቃ ፍሪጅ ውስጥ ማሳረፍ ይበጃል። ፈሳሽ ብረት የሚባለው የጋሊየም ውሕድ በብርታቱ ሁሉን ቢበልጥም፣ ኤሌክትሪክ ስለሚያስተላልፍ ጠብታው ቦርድ ያቃጥላል፤ አልሙኒየምንም በልቶ እንደ ብስኩት የሚፈረፈር ያደርገዋል። የጥርስ ሳሙና የሚቀቡም አልታጡም፤ ለጥቂት ቀን ይሠራል፣ ውኃው ሲተን ግን የሚቀረው ኖራ መሰል ነገር ከአየሩ እምብዛም አይሻልም።

አቀባቡ ትዕግሥትን ይሻል። አሮጌው በፕላስቲክ ነገር ተፍቆ፣ ሁለቱም ገጾች ከፋርማሲ በሚገኝ አልኮል ጭረት በማይተው ጨርቅ ይጠረጉ፣ ፈጽመውም ይድረቁ፤ ከዚያ በኋላ በጣት አይነኩም። ክዳን ባለው የዴስክቶፕ ፕሮሰሰር መካከል ከ4 እስከ 5 ሚሊ ሜትር፣ ማለት አንዲት የምስር ፍሬ የሚያህል፣ ይበቃል፤ የማቀዝቀዣው ጫና ራሱ ይዘረጋዋል። በላፕቶፕ ውስጥ ግን ሲሊኮኑ ራቁቱን ስለሆነ፣ ማዕዘኑ ሳይቀር በስሱ ተቀብቶ መሸፈን አለበት። በላፕቶፕ ማቀዝቀዣ ብሎኖች ዙሪያ 1፣ 2፣ 3፣ 4 የሚል ቁጥር ተቀርጾ ይገኛል፤ በዚያው ተራ፣ ጥቂት በጥቂት፣ በሰያፍ ይታሰራሉ። አንድ ጊዜ ካረፈ በኋላ «ልየው» ብሎ ማንሣት አየርን መልሶ ማስገባት ነውና፣ ያነሣ ሰው ጠርጎ እንደገና ይጀምራል። ኤኤም4 የተባለ መሰኪያ ባለው የኤኤምዲ ማሽን ላይ ደግሞ የደረቀ ፔስት ፕሮሰሰሩን ከነእግሮቹ ነቅሎ ሊያወጣው ስለሚችል፣ አስቀድሞ ማሽኑን ማሞቅ፣ አጥፍቶም ማቀዝቀዣውን ቀስ ብሎ እየጠመዘዙ ማላቀቅ ይገባል። በማስታወሻ ቺፖች ላይ ያሉት ወፍራም ለስላሳ ፓዶችም በፔስት አይተኩም፤ እነርሱ የሚሞሉት ክፍተት ሰፊ ነው።

ሥራው መሳካቱን ለማወቅ፣ የፕሮሰሰሩን ሙቀት ብቻ ሳይሆን የክፍሉንም በአንድነት ለክቶ ልዩነቱን መጻፍ ያሻል፤ አለዚያ የጧቱና የቀትሩ ቁጥር ያምታታል። ፔስቱ ተለውጦ ልዩነቱ ካልቀነሰ፣ ምክንያቱ አብዛኛውን ጊዜ በማራገቢያውና በክንፎቹ መካከል እንደ ጥጥ የተነጠፈው አቧራ ስለሚሆን፣ ማራገቢያው እንዳይሽከረከር በጣት ተይዞ በብሩሽ ይጠረግ።