62ኛው ልጅ፦ ወጣት የሆኪ ተከላካይ በምን ይመዘናል?

በጁላይ 2022 የሰሜን አሜሪካው የአይስ ሆኪ ሊግ ኤን ኤች ኤል ክለቦች ወጣት ተጫዋቾችን በተራ የሚመርጡበትን ዓመታዊ ድራፍቱን ሞንትሪያል ላይ ሲያካሂድ፣ ሌን ሃትሰን የተባለ የ18 ዓመት አሜሪካዊ ተከላካይ ከጨዋታ ቪዲዮውና ከውጤቱ ሌላ ያልተለመደ ማስረጃ ለክለቦች አቅርቦ ነበር፤ የሐኪም ደብዳቤ። የሆርሞን ስፔሻሊስት የጻፈው ይህ ደብዳቤ የልጁ የአጥንት እድገት ከዕድሜው ወደ ኋላ የቀረ በመሆኑ ቁመቱ ገና እንደሚጨምር ይገልጻል። ሃትሰን ያኔ 1 ሜትር ከ73 ገደማ ነበር። በዚህ ስፖርት ለተከላካይ ይህ አጭር የሚባል ቁመት ነው።

ክለቦቹ ደብዳቤውን አይተው አለፉ። ሞንትሪያል ካናዲየንስ ራሱ ሦስት ጊዜ አልፎታል። በ1ኛ ተራ ዩራይ ስላፍኮቭስኪን፣ በ26ኛ ፊሊፕ ሜሻርን፣ በ33ኛ ኦወን ቤክን ከወሰደ በኋላ በ62ኛው ተራ የሃትሰንን ስም ጠራ። ይኸው ልጅ በ2024/25 የመጀመሪያ ሙሉ የውድድር ዘመኑ 82ቱንም ጨዋታ ተሰልፎ 6 ግብ አገባ፤ 60 ደግሞ አመቻችቶ አቀበለ። ላሪ መርፊ በ1980/81 ያስመዘገበውን የጀማሪ ተከላካዮች የማቀበል ክብረ ወሰን ተጋራ። የዓመቱ ምርጥ ጀማሪ ተጫዋች የሚሸለመውን የካልደር ዋንጫም ወሰደ። ከሞንትሪያል ከሱ በፊት ይህን ዋንጫ ያገኘው የመጨረሻው ሰው በ1972 ግብ ጠባቂው ኬን ድራይደን ነበር። በኦክቶበር 2025 ክለቡ ለስምንት ዓመት የሚቆይ፣ በአማካይ በዓመት 8.85 ሚሊዮን ዶላር የሚያስገኝ ውል አስፈረመው።

ይህን የሰማ ሰው የክለቦቹን መልማዮች ዕውሮች ቢላቸው አይፈረድበትም። ነገር ግን ሰዎቹ የፈሩት ነገር በእርግጥም አለ። የኤን ኤች ኤል ሜዳ 61 ሜትር በ26 ሜትር ነው። በዚያ በረዶ ላይ መቶ ኪሎ የሚጠጉ ሰዎች በፍጥነት ተንሸራትተው ይመጣሉ፤ ፓኩን፣ ማለትም በዱላ የሚመታውን ጠፍጣፋ ጎማ፣ የያዘውን ተጫዋች በትከሻ መግጨትም ሕጉ ይፈቅዳል። በራሱ ግብ አፍ ላይ ከግዙፍ አጥቂ ጋር የሚተናነቅ አጭር ተከላካይ ብዙውን ጊዜ ቦታውን ይለቃል። መልማዮቹ ይህን በትክክል አይተው ከሌላው ችሎታ ሁሉ በላይ ክብደት ሰጡት።

ተከላካይን በ18 ዓመቱ መመዘን አጥቂን ከመመዘን ይከብዳል። አጥቂ ቢሳሳት ከኋላው ሁለት ተከላካዮችና አንድ ግብ ጠባቂ አሉለት። ተከላካይ ሲሳሳት ግን ብዙ ጊዜ የሚቀረው ግብ ጠባቂው ብቻ ነው። ሥራው በራሱ እንግዳ ነው፦ ወደ ኋላ እየተንሸራተተ ፊት ለፊት የሚመጣውን አጥቂ ይጠብቃል፤ በመካከላቸው ያለውን ርቀት ያሰላል፤ ቀድሞ ቢጠጋ ይታለፋል፣ ዘግይቶ ቢጠጋ ደግሞ ይመታበታል። ይህን ስሌት ልምድ እንጂ ተሰጥኦ ብቻውን አያስተምርም። ቪክቶር ሄድማን በ2009 በ2ኛ ተራ የተመረጠ፣ ሁሉም የተስማማበት ልጅ ነበር። የዓመቱ ምርጥ ተከላካይ የሚሸለመውን የኖሪስ ዋንጫ ያገኘው ግን በ2018 ነው። ስዊድናዊው ኒክላስ ሊድስትሮም ደግሞ በ1989 በ53ኛ ተራ ተመርጦ፣ ወደ ዲትሮይት ከመሻገሩ በፊት ሁለት ዓመት እዚያው ስዊድን በቬስተሮስ ተጫወተ። ኋላ ሰባት ጊዜ የወሰደውን የኖሪስ ዋንጫ መጀመሪያ ሲያነሳ 31 ዓመቱ ነበር።

ታዲያ በ18 ዓመት ልጅ ላይ ምን ይታያል? ብዙ የሚናገር አንድ ቅጽበት አለ። ተጋጣሚው ፓኩን ከመሐል ወደ ግቡ ጀርባ ይጥለዋል። ተከላካዩ ዞሮ፣ ጀርባውን ለሜዳው ሰጥቶ ፓኩን ለማንሳት ይሮጣል። አንድ አጥቂ ሊገጨው ከኋላው እየገሰገሰ ነው። እዚህ ላይ ተመልካቹ ሁሉ ፓኩን ያያል። ጥሩ መልማይ የሚያየው የልጁን አንገት ነው። ፓኩ ጋ ከመድረሱ በፊት ትከሻውን አልፎ ወደ ኋላ ስንት ጊዜ ተመለከተ? አሳዳጁ ከግራ ይምጣ ከቀኝ ያውቃል? የሚያቀብለው ጓደኛው የት እንደቆመስ? ያላየ ልጅ ፓኩን ካነሳ በኋላ ማሰብ ይጀምራል። ያን ጊዜ አሳዳጁ ደርሶበታል፤ ያለው ምርጫ በሜዳው ጠርዝ በኩል በጭፍን መምታት ብቻ ይሆናል። ያየው ልጅ ግን የመጀመሪያ ንክኪው ራሱ ማምለጫው ነው።

የሃትሰን ጨዋታ ያለው እዚህ ላይ ነው። ቀጥታ ሩጫ ላይ ከሊጉ ፈጣኖች ተርታ አይመደብም። አሳዳጁ አንድ ሜትር ሲቀረው ግን ትከሻውን ወደ ግራ ያሳይና በጫማው ስለት ጠርዝ ተጣጥፎ በቀኝ ይወጣል። ገጪው የሚያገኘው ባዶ ቦታ ነው። ለቁመቱ መድኃኒቱ ይህ ነበር፤ ድራፍቱ በተካሄደበት ዓመትም ለአሜሪካ ከ18 ዓመት በታች ቡድን ሲጫወት በግልጽ ይታይ ነበር።

ነጥብ መቁጠር ደግሞ ሌላ ጥንቃቄ ይፈልጋል። በአይስ ሆኪ ግብ ሲቆጠር ከአግቢው ሌላ ከሱ በፊት ፓኩን ላቀበሉ እስከ ሁለት ለሚደርሱ ተጫዋቾችም ነጥብ ይመዘገባል። ተጋጣሚው በቅጣት ሰው ሲጎድልበት በሚገኘው የቁጥር ብልጫ፣ ማለትም በፓወር ፕሌይ፣ ከላይ ቆሞ ፓክ የሚያከፋፍል ተከላካይ ብዙ ሳይለፋ ነጥብ ያከማቻል። ስለዚህ 50 ነጥብ ያለው ታዳጊ ከስንቱ በእኩል ቁጥር ሲጫወቱ እንዳገኘው መጠየቅ ግድ ይላል። የሊጉ ደረጃም መታየት አለበት። ኬል ማካር በ2016/17 በካናዳ የአልበርታ ታዳጊ ሊግ በ54 ጨዋታ 75 ነጥብ ሲያስመዘግብ፣ ሊጉ ደካማ ስለሆነ ቁጥሩ እንዳያታልል የሰጉ ነበሩ። ኮሎራዶ በ2017 በ4ኛ ተራ ወሰደውና አላጣደፈውም። ማካር በማሳቹሴትስ ዩኒቨርሲቲ ሁለት ዓመት ተጫውቶ በ2019 የኮሌጆች ምርጥ ተጫዋች ሆነ፤ በ2022 ኖሪስን፣ የሊጉን ዋንጫ ስታንሊ ካፕንና የፕሌይኦፉን (የሊጉን የማጠቃለያ ጥሎ ማለፍ) የኮከብነት ሽልማት በአንድ ዓመት ጠቀለለ።

የ2012ን ድራፍት ማንም መልማይ ሊረሳው አይገባም። ከመጀመሪያዎቹ አስር ምርጫዎች ስምንቱ ተከላካዮች ነበሩ። በ4ኛ ተራ የተጠራው ግሪፊን ራይንሃርት 1 ሜትር ከ93 ቁመት ያለው፣ ረጋ ያለ፣ በታዳጊዎች ደረጃ የተመሰከረለት ልጅ ነው። በ2015 ኤድመንተን እሱን ለማግኘት 16ኛውን እና 33ኛውን የድራፍት ተራ ሰጠ፤ በ16ኛው ተራ ማቲው ባርዛል ተመረጠበት። የራይንሃርት የኤን ኤች ኤል ጉዞ በ37 ጨዋታ ተገታ። በዚያው ዓመት 119 ልጆች ከተጠሩ በኋላ ካሮላይና ጃኮብ ስላቪን የተባለ ተከላካይ በ120ኛ ተራ ወሰደ። ስላቪን በነጥብ ብዛት አይታወቅም። ሥራው የተጋጣሚን ምርጥ አጥቂዎች መያዝ ነው፤ ያም ሆኖ በ2020/21 በ52 ጨዋታ የተቀጣው 2 ደቂቃ ብቻ ነው። ይህ ቁጥር ብዙ ይናገራል። ዘግይቶ የደረሰ ተከላካይ ይጎትታል፣ በዱላው ይጠልፋል፣ ይቀጣል። ስላቪን ቦታው ላይ ቀድሞ ስለሚገኝ ጥፋት መሥራት አያስፈልገውም። በ18 ዓመቱ ይህን የሚመዘግብ ሰንጠረዥ አልነበረም፤ ቁጭ ብሎ ጨዋታውን ማየት ነበር የሚጠይቀው።

ከምርጫው በኋላ ልጁ የት ይደግ የሚለው ጥያቄ ከራሱ ከምርጫው አይተናነስም። ሃትሰን ቦስተን ዩኒቨርሲቲ ገብቶ በመጀመሪያ ዓመቱ በ39 ጨዋታ 48 ነጥብ አገኘ፤ ግን ተመልሶ ሁለተኛ ዓመት ደገመ። የኮሌጅ ሆኪ በብዛት የሚካሄደው በሳምንቱ መጨረሻ ስለሆነ በመካከል ጡንቻ ለመገንባትና ጉድለትን ለማረም ጊዜ ይገኛል። የካናዳ ታዳጊ ሊጎች በአንጻሩ ብዙ ጨዋታና ረጅም ጉዞ አለባቸው። ድሮ በእነዚህ ሊጎች የተጫወተ ልጅ የኮሌጅ በር ይዘጋበት ነበር። ከኦገስት 2025 ጀምሮ ያ እገዳ ተነሥቷል፤ ለአንድ ቀጭን የ18 ዓመት ተከላካይ ከዚህ የተሻለ ዜና አልነበረም።

አሰልጣኝም አለ። ሞንትሪያልን የሚመራው ማርቲን ሴንት ሉዊ በተጫዋችነት ዘመኑ ራሱ 1 ሜትር ከ73 ገደማ ነበር። ማንም ክለብ በድራፍት አልመረጠውም፤ በ2004 ግን ከታምፓ ጋር ስታንሊ ካፕን አንስቶ በዚያው ዓመት የሊጉ ኮከብ ተብሏል። ሃትሰን ፓክ አስነጥቆ ግብ ሲቆጠርበት ወንበር ላይ አስቀምጦ ድፍረቱን ሊገድለው የሚችል አሰልጣኝ ሊያጋጥመው ይችል ነበር። ሴንት ሉዊ ግን በጀማሪ ዓመቱ በአማካይ በጨዋታ ከ22 ደቂቃ በላይ አጫወተው።

ይህ ማለት ጉዳዩ አልቋል ማለት አይደለም። በ2025 ፕሌይኦፍ ሞንትሪያል በመጀመሪያው ዙር በዋሽንግተን 4 ለ 1 ተሸንፎ ወጥቷል። በፕሌይኦፍ አንድ ተጋጣሚ እስከ ሰባት ጨዋታ በተከታታይ ይገጥማል፤ ያንኑ ትንሽ ተከላካይ በየጨዋታው ለይቶ ይገጫል፣ የማምለጫ ዘዴዎቹንም ያጠናል። የሃትሰን እውነተኛ ሚዛን ያ ወቅት ነው። ቡድኑ ሰው ጎድሎበት ሲከላከል፣ አንድ ግብ መርቶ የመጨረሻዎቹ ሁለት ደቂቃዎች ሲቀሩ ከአሰልጣኙ ተጠርቶ ወደ በረዶው ይገባል ወይስ ይቀመጣል? እስካሁን ዝናው የተገነባው በማጥቃት ነው።

ሞንትሪያልን ያሸነፈው ዋሽንግተን ካፒታልስ ደግሞ በ2024 ድራፍት በ43ኛ ተራ ታናሽ ወንድሙን ኮል ሃትሰንን መርጧል። እሱም ተከላካይ ነው፤ ቁመቱ አጭር ነው፤ ያደገውም በዚያው ቦስተን ዩኒቨርሲቲ ነው። ታላቁ 62ኛ፣ ታናሹ 43ኛ፦ መልማዮች 19 ደረጃ ያህል ተምረዋል ማለት ይቻላል። በዋሽንግተንና በአካባቢዋ ያሉ በርካታ ኢትዮጵያውያን ይህን ስም ከቤታቸው ሳይርቁ ሊሰሙት ነው።