የአንድ ቤት ዜና መዋዕል፦ ትውልድ የሚቈጥረው የአፍሪካ ልብ ወለድ

ከባዕድ አገዛዝ ቀንበር የወጡትን የአፍሪካ አገሮች ነገር ለመመርመር የሚነሣ ሰው፣ የአዋጁንና የውሉን ሰነድ ቢያገላብጥ የመንግሥታትን መለዋወጥ ያገኛል፤ ያ መለዋወጥ በአንድ ጣራ ሥር በአባትና በልጅ መካከል ያመጣውን መለያየት ግን የሚረዳው፣ የአንድን ቤት ዜና መዋዕል ከአያት እስከ ልጅ ልጅ እየተከተሉ ከሚተርኩት ልብ ወለዶች ነው።

ከነዚህ ሁሉ ዐቢይ ሆኖ የማየው፣ ግብፃዊው ነጊብ ማህፉዝ በአውሮፓ አቈጣጠር በ1956 እና በ1957 ያሳተመው፣ ከ1917 እስከ 1944 ያለውን የካይሮ ኑሮ የሚተርከው ባለ ሦስት ክፍል ድርሰት ነው። ነጋዴው አሕመድ አብደልጀዋድ ሌሊቱን ከመጠጥና ከዘፋኞች ጋር የሚያሳልፍ፣ በቤቱ ግን ሁሉ የሚንቀጠቀጥለት፣ ሚስቱ አሚና ያለ ፈቃዱ የሑሴንን መስጊድ ተሳልማ ብትመለስ ከቤት የሚያስወጣት አባት ነው። በእንግሊዞች ላይ የ1919 ዓመፅ በተነሣ ጊዜ ልጁ ፋህሚ ትእዛዙን ጥሶ ከሰልፈኞቹ ጋር ይወጣል፣ በጥይትም ይወድቃል። የደራሲው ጥልቀት እዚህ ላይ ይመስለኛል፤ ለባዕድ አልገዛም ያለ ልብ አባቱንም መፍራቱን ስለሚተው፣ የነጻነት ጥያቄ ከአደባባይ ተነሥቶ ቤተሰቡ ከሚቀርብበት ማዕድ ይደርሳል። በመጨረሻም ሁለት የልጅ ልጆች፣ አንዱ የሙስሊም ወንድማማቾች ማኅበርተኛ፣ ሁለተኛው ኮሙኒስት፣ በአንድ ሌሊት ተይዘው ይታሰራሉ፤ የሚያስሯቸውም የገዛ አገራቸው ፖሊሶች ናቸው።

ናይጄሪያዊው ቺኑዋ አቼቤ በ1958 እና በ1960 ባወጣቸው ሁለት መጻሕፍት፣ አያት ኦኮንኮ ወገኖቹ በነጮቹ ላይ እንደማይነሡ ባየ ጊዜ ራሱን ይሰቅላል፤ ልጁ ንዎዬ ክርስትናን ተቀብሎ ይስሐቅ ይባላል፤ የልጅ ልጁ ኦቢ በእንግሊዝ ተምሮ፣ የመንግሥት ሠራተኛ ሆኖ፣ በነጻነት ዋዜማ በጉቦ ይፈረድበታል። የአገሩ ልጅ ቺማማንዳ አዲቼም በ2006 ባሳተመችው መጽሐፍ ተጣልተው በቢያፍራ ጦርነት መካከል የታረቁ መንታ እኅቶችን ትተርካለች።

አገራችን በቅኝ አገዛዝ ባትያዝም፣ መዓዛ መንግሥቴ በ2010 በእንግሊዝኛ ያሳተመችው ልብ ወለድ፣ በዘውዱ መውደቅ ወራት የሐኪሙን የኃይሉንና የሁለት ወንዶች ልጆቹን መከራ ስለሚተርክ ከዚሁ ወገን ነው።

ከሁሉ ይልቅ ድፍረቷን የማደንቅላት ግን ኡጋንዳዊቷ ጄኒፈር ማኩምቢ ናት። በ2014 የታተመው ኪንቱ የተባለው መጽሐፏ ከ1750 ተነሥቶ ወደ 2004 ሲሻገር፣ እንግሊዞች የገዙበትን ዘመን ሆን ብሎ ያልፈዋል፤ ትውልዱን ሁሉ የሚከተለው ርግማን፣ ነጮች ወደ ቡጋንዳ ሳይመጡ፣ የትውልዱ አባት ኪንቱ የማደጎ ልጁን በጥፊ መትቶ በገደለበት ጊዜ ጀምሯልና።