የመካነ ሰላም ገበያ በመልስ ጭነት ይነበባል
ወደ ቦረና የሚወጣው መኪና ብዛት ብቻውን አያስተማምንም

የምዕራብ ደቡብ ወሎን ደጋ የንግድ ጤንነት ማወቅ የፈለገ ሰው ሪፖርት እስኪወጣ መጠበቅ የለበትም። መካነ ሰላም መውጫ ላይ ቆሞ ወደ ደሴ የሚመለሱትን የጭነት መኪኖች ሸራ ማየት ይበቃዋል። ሸራው ተወጥሮ ከታሰረ ገበሬው ሸጧል፣ ነጋዴው ገዝቷል፣ ጫኝና አውራጁም የዕለት እንጀራውን አግኝቷል። ሸራው ተጠቅልሎ ባዶው ካሳ ላይ ከተጣለ ግን አንድ ያልተስተካከለ ነገር አለ።

በጭነት መኪና እንቅስቃሴ የኢኮኖሚን ትኩሳት መለካት በሌላው ዓለም የተለመደ ነው። ጀርመን እ.ኤ.አ. ከ2005 ጀምሮ ከባድ መኪኖችን በየኪሎ ሜትሩ የምታስከፍል ሲሆን፣ ከ2020 ወዲህ የዚህ ክፍያ መዝገብ የፋብሪካዎች እንቅስቃሴ ቀድሞ የሚታይበት መለኪያ ሆኗል። የአሜሪካ የጭነት ማመላለሻ ማኅበርም በመኪና የተጓዘውን ቶን በየወሩ ይገልጻል። በአገራችንም የመንገዶች አስተዳደር በዋና ዋና መንገዶች ላይ ተሽከርካሪ ያስቆጥራል። ቆጠራው ግን የመኪናውን ዓይነት ይነግራል እንጂ ሸራው ሥር ያለውን አይነግርም።

ወሎ ላይ ይህ ልዩነት ቀላል አይደለም። በ1977 ዓ.ም. ረሃብ ጊዜ ወደ ወሎ ይጎርፍ የነበረው መኪና የእርዳታ እህል የጫነ ነበር። ያን ጊዜ መኪና ብቻ የቆጠረ ሰው አገሩ በለጸገ ባለ ነበር! የእርዳታ ስንዴ ይዞ የወጣ መኪና የሚመለሰው ባዶውን ነው፤ የሚሸጥ ነገር ቢኖር መጀመሪያውኑ እርዳታው አይመጣም ነበርና።

በደርግ ዘመን የመኪናው መሙላትም ቢሆን የገበያ ምልክት አልነበረም። ገበሬው ኮታውን በተቆረጠለት ዋጋ ለእርሻ ሰብል ገበያ ያስረክባል፤ ነጋዴው እህል ላሻግር ቢል ኬላ ይጠብቀዋል፤ መኪናውም ተራ ይዞ በታሪፍ ይጭናል። ኮታውና ኬላው በ1982 ዓ.ም. ሲነሱ፣ ከ1983ቱ ለውጥ በኋላ ደግሞ ኪራይ በድርድር ሲሆን ነው ሸራው መናገር የጀመረው።

ለገበሬው የመልስ ጭነት ዋጋው ምን ያህል ነው? ለስሌት ያህል 50 ኩንታል የሚጭን አይሱዙ ከደሴ መካነ ሰላም ለአንድ ጉዞ 15 ሺህ ብር ይፈልጋል እንበል። ጨው፣ ስኳር፣ ዘይትና ቆርቆሮ ይዞ ወጥቶ ገብስና ባቄላ ጭኖ ከተመለሰ በኩንታል 300 ብር ይበቃዋል። ባዶውን ወጥቶ እህል ብቻ ይዞ የሚወርድ ከሆነ የሁለቱንም ጉዞ ወጪ እህሉ ይሸከማል፤ በኩንታል 600 ብር መሆኑ ነው። የደሴ ነጋዴ ይህን ልዩነት ከኪሱ አይከፍልም። መካነ ሰላም ላይ ለገበሬው ከሚሰጠው ዋጋ ይቀንሰዋል። ስለዚህ የከተማው ሱቅ ሸቀጥ ሲያራግፍ ሚዛን ላይ የቆመው ገበሬም ተጠቃሚ ነው፤ ብዙ ጊዜ የማይስተዋለው ይህ ነው።

ወቅቱም መታየት አለበት። ከሚያዝያ እስከ ሰኔ ወደ ላይ የሚወጣው ጭነት በአብዛኛው ከጅቡቲ ወደብ የመጣ ማዳበሪያ ስለሆነ፣ የዘንድሮን ገበያ ሳይሆን የመጪውን መኸር ተስፋ ያሳያል። ከታኅሣሥ እስከ የካቲት እህሉ ይወርዳል። የሠርጉም የቤት ሥራውም ወቅት ያው ነውና፣ በዚያው ሰሞን ቆርቆሮና ምስማር ወደ ላይ ከወጣ ገበሬው ከቀለብና ከዕዳ የተረፈ ገንዘብ ይዟል ማለት ነው። ገና፣ ፋሲካና አረፋ ሲቃረቡ የለጋምቦና የሳይንት በግም መኪና ላይ ይወጣል። መንገዱ ዓባይን ተሻግሮ ከጎጃም ጋር ስለሚገናኝ ግን ከጉንደ ወይን በኩል መጥቶ ወደ ደሴ የሚያልፈውን መኪና በመካነ ሰላም ሒሳብ ውስጥ ማስገባት ስህተት ነው።

ሰላም በጠፋ ጊዜ ምልክቱ ይዛባል። በጥቅምት 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲደርስ፣ ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህም በክልሉ በተቀሰቀሰው ግጭት መንገድ በተዘጋ ቁጥር፣ የመኪና መጥፋት የምርት መጥፋት አልነበረም። መንገድ ሲዘጋ እህሉ ጎተራ ውስጥ ይቀመጣል፤ ገበሬው መሸጫ፣ ከተሜው መግዣ ያጣል። በዚህ ጊዜ መታየት ያለበት የመኪናው ቁጥር ሳይሆን በመካነ ሰላምና በደሴ መካከል ያለው የእህል ዋጋ ልዩነት ነው። ልዩነቱ ከወትሮው ኪራይ በላይ ከሰፋ፣ ትርፉ የስጋት ዋጋ ነው።

ኪራይ ራሱ የሚወጣበት ሌላም ምክንያት አለ። ከሐምሌ 2014 ዓ.ም. ጀምሮ የነዳጅ ድጎማው ደረጃ በደረጃ እንዲነሳ ተደርጓል፤ ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን ለገበያ ሲለቀቅ ደግሞ ከውጭ የሚመጣው ጎማና መለዋወጫ ተወዷል። ታዲያ ኪራይ ሲወደድ ናፍታው ነው ወይስ ገበያው? የመናኸሪያ ደላላ የሚለየው እንዲህ ነው፦ ኪራዩ ሲወጣም ሲወርድም እኩል ከተወደደ ናፍታው ወይም ጎማው ነው። መውጫው ርካሽ ሆኖ መውረጃው ብቻ ከተወደደ እህሉ ፈላጊ አግኝቷል፤ መኪናው ባዶውን ከመውጣት ያገኘውን ሸቀጥ በቅናሽ ይጭናል። መውጫው ተወድዶ መውረጃው በልመና ዋጋ ከሆነ ግን መካነ ሰላም እየሸመተች እንጂ እየሸጠች አይደለም።