ደመወዝም እርሻም ያለው የአሜሪካ ገበሬ ለሽምግልናው ስለሚያጠራቅመው ገንዘብ

ገበሬ ከመከሩ የሚበላውን፥ የሚሸጠውንና ለዘር የሚሆነውን ይለያል። ነገር ግን ጉልበቱ ሲደክም የሚኖርበትን አስቀድሞ ያልለየ እንደ ሆነ፥ በስተርጅናው ወይ መሬቱን ይሸጣል፥ ወይ የልጆቹን እጅ ያያል። ይህም ችግር በበሬ በሚያርሰው ዘንድ ብቻ የሚገኝ አይደለም፤ በትራክተር በሚያርሰው በአሜሪካ ገበሬ ቤትም አለ። ስለዚህ የአሜሪካ መንግሥት ለዚሁ ነገር የሠራውን ሥርዓት ማወቅ፥ ሕዝብ ለሚያስተዳድሩና መሬት ላላቸው ሰዎች ይጠቅማል። ከዚህ በታች የሚነገሩት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

በአሜሪካ ከገበሬዎቹ ቤተ ሰብ የሚበዛው በእርሻ ብቻ አይኖርም። ባል ወይም ሚስት በትምህርት ቤት፥ በሆስፒታል፥ በፋብሪካ ወይም በእህል መጋዘን በደመወዝ ይሠራሉ። የእህል ዋጋ ሲረክስ ወይም ዝናም ሲጠፋ ደመወዙ ቤቱን ያቆማል፤ ብዙ ጊዜም አሠሪው የሕክምና መድን ያስገኝላቸዋል። የእርሻውን ትርፍ ግን ብዙዎቹ መልሰው ወደ መሬትና ወደ መኪና ያገቡታል። ሲያረጁ መሬቱ ካልተሸጠ እንጀራ አይሆናቸውም፤ ከተሸጠ ደግሞ ለሚያርሰው ልጅ አይቀርለትም።

ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት በ1935 ዓመት የፈረሙት የማኅበራዊ ዋስትና ሕግ በመጀመሪያ ገበሬውን አላስገባም ነበር። በ1950 ዓመት ዘወትር በእርሻ የሚሠሩ ተቀጣሪዎች፥ በ1954 ዓመት በወጣው ማሻሻያ ደግሞ ባለ እርሻዎቹ ራሳቸው ገቡበት። ዛሬ ደመወዝተኛው ለጡረታና ለሽማግሌዎች ሕክምና ከመቶ 7.65 ይከፍላል፤ አሠሪውም ያንኑ ያህል ይጨምራል። ገበሬው ግን በእርሻው ላይ አሠሪ የለውምና ሁለቱን ድርሻ ብቻውን ይሸከማል፤ ይኸውም ከትርፉ ከመቶ 92.35 በሚሆነው ላይ ከመቶ 15.3 ነው።

ይህ ጡረታ ለሙሉ ኑሮ እንዲበቃ የታሰበ ስላልሆነ፥ ሕጉ በፈቃድ የሚሞላ ሌላ ጎተራ ፈቀደ። በ1962 ዓመት በምክር ቤቱ አባል በዩጂን ኪዮ ስም የሚጠራው ሕግ በገዛ ሥራው ለሚተዳደር ሰው የጡረታ ሒሳብ እንዲከፍት መንገድ ሰጠው፤ በ1978 ዓመት ደግሞ 401(ኬ) የሚባለው የግብር ሕግ አንቀጽ ወጣ። በዚህ ሒሳብ የሚገባው ገንዘብ እንደ ተራው ልማድ ግብሩ የሚከፈልበት በሽምግልና ሲወጣ ነው።

የሥርዓቱ ዋና ነገር ይህ ነው፤ ሕጉ ገበሬውን እንደ ሁለት ሰው ይቈጥረዋል፤ በአንድ ወገን ሠራተኛ፥ በሌላ ወገን አሠሪ ነው። እንደ ሠራተኛ ከገቢው የሚያኖረው በ2025 ዓመት ከ23,500 ዶላር እንዳያልፍ ተወስኖ ነበር፤ ዕድሜው 50 ለሞላ ሰው ልኩ ከፍ ይላል። ይህም ልክ የሚከተለው ሰውየውን እንጂ ሥራውን አይደለም፤ ሁለት ሥራ ያለው ሰው በ401(ኬ) ሁለት ልክ የለውም። እንደ አሠሪ የሚያኖረው ግን የእርሻውን ትርፍ ይከተላል።

ለምሳሌ አንድ የ45 ዓመት ገበሬ በ2025 ከእህል መጋዘን 50,000 ዶላር ደመወዝ፥ ከእርሻውም ወጪው ሁሉ ተቀንሶ 40,000 ዶላር ትርፍ አገኘ እንበል። ከደመወዙ 15,000 ዶላር በመጋዘኑ የጡረታ ሒሳብ ቢያኖር፥ በእርሻው ስም በከፈተው ሒሳብ እንደ ሠራተኛ የሚጨምረው 8,500 ዶላር ብቻ ነው። በእርሻው ትርፍ ላይ ለማኅበራዊ ዋስትና የሚከፍለው 5,652 ዶላር ያህል ይሆናል፤ እኩሌታው 2,826 ከ40,000 ሲቀነስ 37,174 ይቀራል። የዚህ አምስተኛው እጅ 7,435 ዶላር ያህል ነውና፥ ይህን እንደ አሠሪ ያኖራል። ጠቅላላው ቍጠባ 30,935 ዶላር ይሆናል።

መጋዘኑ ገበሬው በእርሻው ሒሳብ ያኖረውን አያይም፤ ሁለቱን የሚደምረው ገበሬው ራሱ ነው። ከልኩ አልፎ የገባውን እስከ ሚቀጥለው ዓመት ኤፕሪል 15 ቀን ካላወጣ፥ በገባበት ዓመት አንድ ጊዜ፥ ሲወጣም ሁለተኛ ጊዜ ግብር ይከፍልበታል። ዕድሜው 59 ዓመት ተኩል ሳይሞላ ከሒሳቡ ቢያወጣም፥ ሕጉ ከፈቀዳቸው ምክንያቶች በቀር፥ ከተራው ግብር በላይ ከመቶ 10 ይጨመርበታል።

ለባለመሬቶች ልዩ ማስተዋል የሚገባው ነገር አለ። መሬቱን በገንዘብ አከራይቶ በእርሻው ሥራ እጁን የማያገባ ሰው፥ ኪራዩ የሥራ ገቢ ስላልሆነ፥ ከኪራዩ እንዲህ ያለ መዋጮ ማድረግ አይችልም። በውል ተስማምቶ በእርሻው አመራርና ሥራ በእውነት ለሚካፈል ግን ትርፉ እንደ ሥራ ገቢ ሊቈጠርለት ይችላል።

ለአንድ ሰው የሚሆነው 401(ኬ) ከሚስቱ ወይም ከባሏ በቀር ሌላ ቋሚ ሠራተኛ ለሌለው ነው። ሠራተኞች ያሉት ገበሬ ሴፕ የሚባለውን ሒሳብ ቢመርጥ፥ ለራሱ ባኖረው መጠን፥ ዕድሜያቸው 21 ለሞላ፥ ካለፉት 5 ዓመታት በ3ቱ ላገለገሉትና ሕጉ የወሰነውን ያህል ደመወዝ ላገኙ ሠራተኞቹም ማኖር ግዴታው ነው። እንግዲህ ጌታው ለራሱ እርጅና ሲያስብ የሠራተኛውን እርጅና እንዳይረሳ ሕጉ ያስገድደዋል።

በዚያ አገር የሚኖሩ፥ በደመወዝ እየሠሩ በግላቸው ታክሲ የሚነዱ ወይም ሱቅ የያዙ ኢትዮጵያውያንም ከዚሁ ሕግ በታች ናቸው፤ ሒሳባቸውም እንደዚሁ ገበሬ ይቈጠራል።

ከዚህ ሁሉ የሚገኘው ትምህርት ግልጽ ነው። ሁለት ገቢ ያለው ሰው ሁለቱን በአንድ መዝገብ ቢጽፍ፥ ልኩን ሳያልፍ ከሁለቱም ያኖራል። ያን ያደረገ ገበሬ በሸመገለ ጊዜ ማረሻውን ለልጁ ሲያስረክብ፥ መሬቱን ከነሙሉው ሊያስረክብ ይችላል።