የነሐሴ ቀኖች ሲቈጠሩ

ዓመቱ 12 ወር ከ5 ወይም ከ6 የጳጉሜን ቀን ጋር ነውና ለገበሬ ብዙ ጊዜ ያለው ይመስላል። ነገር ግን ለእያንዳንዱ ሥራ የሚመቸው ወራት አጭር ስለ ሆነ፥ ብዙ ጉዳይ በአንድ ቀን ሲገናኝበት የቱን እንደሚያስቀድም ያልለየ ሰው ሲደክም ይውላል፥ ዋናው ሥራ ግን ሳይሠራ ይቀራል።

ለዚህ ነሐሴ ጥሩ ምሳሌ ነው። በሐምሌ የተዘራው ጤፍ በዚህ ወር ይታረማል። የጤፍ ፍሬ እጅግ ደቃቅ ነው፤ በአንድ ግራም ውስጥ የሚገኘው ከ2,000 ይበልጣል። ቡቃያውም ቀጭን ስለ ሆነ አረም ቶሎ ይውጠዋል። አረሙ ካየለ በኋላ በመስከረም ቢነቀል ቡቃያው ያጣውን የመሬት ኃይል አይመልስለትም፤ አራሚውም ሰብሉን ይረግጠዋል።

እንግዲህ ቀኖቹ ይቈጠሩ። ነሐሴ 30 ቀን ነው። ቅዳሜንና እሑድን በሚያከብር አገር ቢያንስ 8 ቀን ይቀነሳል። ደግሞ በ12 ሚካኤል፥ በ13 ደብረ ታቦር፥ በ16 ፍልሰታ፥ በ21 ማርያም፥ በ29 በዓለ ወልድ ይከበራል፤ አንዱም ከሰንበት ጋር ባይገጥም 5 ነው። የቀረው 17 ቀን ነው። ገበያው በሳምንት መካከል የሚውል ቢሆንና ገበሬው አንዱንም ገበያ ባይቀር ሌላ 4 ቀን ይሄዳል። ለአረም የተረፈው 13 ቀን ብቻ ነው። ከዚህም ላይ ለቅሶ ይመጣል፤ ዝናቡ ሲዘንብ ይውላል፤ የወንፈል ብድርም አለ፤ የቀን ብድር ደግሞ እንደ ገንዘብ ብድር ሁሉ አይረሳም።

በዚህ ጊዜ ብዙ ሰው ትልቅ የመሰለውን ጉዳይ ወይም አጥብቆ የጠራውን ሰው ያስቀድማል። በሽማግሌ የተያዘ የድንበር ክርክር በእርግጥ ትልቅ ነው፤ ሆኖም ሁለቱ ወገኖች ከተስማሙ እስከ ጥር ሊቆይ ይችላል፤ መሬቱ ከስፍራው አይሄድም። የሠርግ ድግስና የቤት ክዳንም ወደ በጋ ይተላለፋሉ። ለቅሶና አረም ግን አይቆዩም። ስለዚህ አስቀድሞ መጠየቅ የሚገባው፥ ቢዘገይ የሚጠፋው የቱ ነው ተብሎ ነው። ጨው ለመግዛትም አራት ጊዜ ገበያ መውጣት አያስፈልግም፤ አራት ጎረቤቶች በየሳምንቱ አንዱ ለሁሉ እየገዛ ቢመለስ እያንዳንዱ 3 ቀን ያተርፋል። በወንፈልም ቢሆን ቀድሞ የተዘራው ማሳ ቀድሞ ይታረም እንጂ፥ የባለጠጋው ማሳ ስለ ክብሩ አይቅደም።

በኅዳር ችግሩ በልጆች ላይ ይወድቃል። የደረሰ ጤፍ ሳይታጨድ ቢቆይ ይረግፋል፤ ያለ ጊዜው ዝናብ ቢያገኘውም ይበላሻል። ስለዚህ አባት ለአጨዳ ልጁን ጥቂት ቀን ከትምህርት ቤት ቢያስቀረው ምክንያት የለውም አይባልም። ነገር ግን አጨዳ ያልፋል፤ ከብት ጥበቃ በየቀኑ ነው፥ ማብቂያም የለው። ወሩን ሙሉ በእረኝነት የቀረ ልጅ ጓደኞቹ ንባብ ሲያነቡ እርሱ ፊደል ላይ ይቀራል። ሦስት ቤተሰቦች ከብታቸውን በአንድነት አሰማርተው ልጆቻቸው በተራ ቢጠብቁ፥ በ15 የትምህርት ቀን ውስጥ እያንዳንዱ ልጅ የሚቀረው 5 ብቻ ነው፤ ያመለጠውንም ማታ ከሁለቱ ጓደኞቹ ይጠይቃል። አባቶች ይህን ስምምነት መስከረም ሳይወጣ ቢያደርጉት ይሻላል፤ ኅዳር ከገባ ለመነጋገር እንኳ ፋታ አይገኝም።