7518 ሲካፈል ምን ይተርፋል?

መሬት ስንከራይ ወይም ገንዘብ ስንበደር «እስከ ጳጉሜን መጨረሻ» ብለን እንፈርማለን። ለመሆኑ ጳጉሜን 5 ናት ወይስ 6? ብዙዎቻችን ሰው እንጠይቃለን። የነገሩንን እንቀበላለን። ማካፈል የተማረ ግን ራሱ አስልቶ ያገኘዋል።

ሒሳቡ ባሕረ ሐሳብ ይባላል። ከቤተ ክርስቲያን ሊቃውንት የመጣ ትምህርት ነው። እኛ በኢተያ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም የውልና የትምህርት ቤት ቀን የምንጽፈው በዚሁ የኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው። ስለዚህ ሒሳቡን ሁላችንም እንወቀው።

መጀመሪያ በ2018 ዓ.ም. ላይ 5500 እንደምር። 7518 ይሆናል። ይህ ዓመተ ዓለም ይባላል። አሁን 7518ን ለ4 እናካፍል።

ቁጥሩ ትልቅ ነው ብለን አንፍራ። ኢተያ የስንዴ አገር ናት፤ እስቲ በስንዴ እናስበው። 7518 ኪሎ ማለት 75 ኩንታል ከ18 ኪሎ ነው። አንድ ኩንታል ለአራት ሰው ሲካፈል 25፣ 25 ኪሎ ይደርሳል፤ የሚተርፍ የለም። ሰባ አምስቱም ኩንታል እንዲሁ ነው። እንግዲህ የቀረን 18 ኪሎ ብቻ ነው። እሱም አራት አራት ደርሶ 2 ይተርፋል። ቁጥሩ የቱንም ያህል ቢረዝም ለ4 ሲካፈል የሚተርፈውን ለማወቅ የመጨረሻዎቹን ሁለት አኃዞች ማየት ይበቃል።

1 ከተረፈ ዘመኑ ማቴዎስ ነው። 2 ከተረፈ ማርቆስ፣ 3 ከተረፈ ሉቃስ ነው። ምንም ካልተረፈ ዮሐንስ ነው። ስለዚህ 2018 ዘመነ ማርቆስ ነው። ጳጉሜን 6 የምትሆነው በሉቃስ ብቻ ነው። በ2018 ጳጉሜን 5 ናት ማለት ነው።

መስከረም 1 በምን ቀን ይውላል? 365 ቀን 52 ሳምንት ሆኖ 1 ቀን ይተርፋል። ስለዚህ መስከረም 1 በየዓመቱ አንድ ቀን ወደፊት ይሄዳል። ዘመነ ሉቃስ ሲያልፍ ግን ሁለት ቀን ይሄዳል። ለዚህ ነው በዓመቱ ላይ ሩቡን የምንደምረው። የ7518 ሩብ፣ ትራፊውን ትተን፣ 1879 ነው። ሁለቱ ሲደመሩ 9397 ይሆናል። ለ7 ሲካፈል 3 ይተርፋል። 1 ማክሰኞ፣ 2 ረቡዕ፣ 3 ሐሙስ እያልን እንቁጠር። ምንም ካልተረፈ ሰኞ ነው። በእርግጥም መስከረም 1 ቀን 2018 ዓ.ም. ሐሙስ ነበር።

ሊቃውንቱ ለ19 እያካፈሉ ደግሞ የጨረቃን ሒሳብ ያወጣሉ። 4፣ 7 እና 19 ሲባዙ 532 ይሆናሉ። በየ532 ዓመቱ ዘመኑም፣ ቀኑም፣ ጨረቃውም እንደገና አንድ ላይ ይገጥማሉ። ይህ ዐቢይ ቀመር ይባላል።

ልምምድ፦ የ2019 ዓ.ም. ዘመኑ ማን ነው? ጳጉሜን ስንት ቀን ናት? መስከረም 1 በምን ቀን ይውላል? በደብተራችሁ ሥሩት። ከዚያ በኋላ መልሱን እዩ።

መልስ፦ ሉቃስ፤ 6 ቀን፤ ዓርብ።