ኢንተርኔቱ ሲቆራረጥ፣ ሞደሙን ከማጥፋትዎ በፊት

የቤት ኢንተርኔት ሄድ መለስ ሲል የብዙ ሰው እጅ ቀድሞ የሚሄደው ወደ ሞደሙ ማጥፊያ ነው። አጥፍቶ ማብራቱ አንዳንዴ ይሠራል። ጉዳቱ ግን ችግሩ የት እንዳለ የሚጠቁሙትን መብራቶች አብሮ ማጥፋቱ ነው። አርሲ፣ ሁሩታ ላይ ሆነው ይህን የሚያነቡ ሁሉ አንድ ነገር ቢለምዱልኝ ደስ ይለኛል፦ መጀመሪያ ማየት፣ ከዚያ ማጥፋት።

የኢትዮ ቴሌኮም ባለገመድ የቤት ኢንተርኔት በስልክ የመዳብ ሽቦ ወይም በፋይበር ይመጣል።

በቅድሚያ ዋይፋዩን ከመስመሩ ይለዩ። ኮምፒውተር ካለ በኔትወርክ ገመድ ከሞደሙ ጋር ያገናኙት። በገመድ ደህና ሆኖ በዋይፋይ ብቻ የሚቆራረጥ ከሆነ መስመሩ ጤነኛ ነው፤ ሞደሙን ከቆርቆሮና ከብሎኬት ግድግዳ ራቅ አድርገው ከፍ ያለ ቦታ ያስቀምጡት። በገመድም ከተቆራረጠ መብራቶቹን ይመልከቱ። ሁሉም ጠፍተው እንደገና የሚበሩ ከሆነ ጥፋቱ የኤሌክትሪኩ መዋዠቅ፣ የላላ ሶኬት ወይም የደከመ አዳፕተር ሊሆን ይችላል። በመዳብ መስመር ዲኤስኤል የሚለው ሳይጠፋ ኢንተርኔት የሚለው ብቻ ከጠፋ ከቤትዎ ሽቦ ይልቅ ሒሳቡን፣ የይለፍ ቃሉን ወይም የድርጅቱን ጣቢያ ይጠርጥሩ። ዲኤስኤል ራሱ ብልጭ ድርግም ካለ ግን ነገሩ ብዙውን ጊዜ ሽቦው ላይ ነው።

የመዳብ ሽቦ ጠባዩ አስቸጋሪ ነው። የሰው ድምፅ ከ4 ኪሎኸርዝ በታች ሲጓዝ ኢንተርኔቱ ከዚያ በላይ እስከ 1.1 ሜጋኸርዝ፣ በተሻሻለው ዓይነት እስከ 2.2 ሜጋኸርዝ ይወጣል። ይህ ከፍተኛ ድግግሞሽ ያለው ሞገድ በርቀትና በዛገ መጋጠሚያ ቶሎ ስለሚዳከም ስልኩ ጥርት ብሎ እያወራ ኢንተርኔቱ ሊቆራረጥ ይችላል። ተቃራኒውም አለ፤ ከሁለቱ ሽቦዎች አንዱ ተበጥሶ ስልኩ ጸጥ ሲል ኢንተርኔቱ እያነከሰ ሊቀጥል ይችላል።

በአርሲ ደጋ ክረምት ደግሞ ዝናቡ መጋጠሚያ ውስጥ ይገባል። ሌሊት ዘንቦ ጠዋት ይቆራረጣል፣ ፀሐይ ስትወጣ ይደርቅና ይድናል። ባለሙያው ቀትር ላይ ቢመጣ ምንም ላያገኝ ይችላል፤ እሱም በከንቱ እንደተጠራ ይቆጥራል። ስለዚህ የተቋረጠበትን ሰዓትና የአየሩን ሁኔታ ወረቀት ላይ ይጻፉ። በዚያው ሰዓት የቤት ስልኩን አንሥተው አንድ ቁጥር ብቻ ይጫኑና ያድምጡ፤ ሹሽታ ወይም መንጫጫት ከተሰማ መስመሩ ታሟል። ስልክ በተጠራ ቁጥር የሚቋረጥ ከሆነ ድምፁንና ኢንተርኔቱን የሚለየውን ስፕሊተር ይቀይሩ።

ብዙ የዲኤስኤል ሞደሞች በ192.168.1.1 ገጻቸው ላይ ኤስኤንአር ማርጂን የሚባል፣ መስመሩ ረብሻን ለመቋቋም ያለውን ትርፍ አቅም የሚያመለክት ቁጥር ያሳያሉ። ከ6 ዴሲቤል በታች ከወረደ መስመሩ ትንሽ ረብሻም አይችልም።

ፋይበር ከሆነ ነገሩ አጭር ነው። ሎስ የሚለው መብራት ቀይ ከሆነ ብርሃኑ አልደረሰም ማለት ነው፤ ገመዱ በበር ወይም በዕቃ ተቆልምሞ እንደሆነ ይዩ። ጫፉን ነቅለው በዓይንዎ አይመልከቱ፤ ጨረሩ አይታይም፣ ዓይን ግን ሊጎዳ ይችላል።

ከዚያ ወደ ኢትዮ ቴሌኮም 994 ይደውሉ። «ኢንተርኔት የለም» ከማለት ይልቅ የትኛው መብራት፣ በስንት ሰዓት፣ ዝናብ እያለ ወይስ በደረቅ፣ በገመድም ተሞክሮ እንደሆነ ይንገሯቸው፤ ባለሙያው ከየት እንደሚጀምር ያውቃል።